የእሳት እራት ያልሆነችው

የወፍ ቆሎ ቅጠል ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ ለሁሉም አይስማማም። አንዳንዱ የሎሚ ልጣጭ ይለዋል፣ አንዳንዱ የድመት ሽንት። ባለፈው ሰሞን በሐይቁ ዳር መንገድ ስሄድ አንድ አትክልተኛ አጥር ሲከረክም ሽታው ድንገት መጣብኝና ከመንገዱ ጠርዝ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ መቀሱን አውርዶ «ማዘር፣ ዓይንዎ ውስጥ ገባ እንዴ?» አለኝ። አልገባም፣ ሥራህን ቀጥል አልኩት። ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ነገር ብድግ ብላ እልም አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ከአጠገቤ ካለው ሣር ላይ ቁጭ አለች። ክንፏን ግማሽ ከፍታ፣ ግማሽ ዘግታ። እሷን ሳይ ጭራሽ መሄድ አቃተኝ።

ይህችን ነገር እኔ አውቃታለሁ። ሰው ጎረቤቱን እንደሚያውቅ ነው የማውቃት፤ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ምን እንደምትወድ፣ ከማን ጋር እንደምትጣላ። ያወቅኋት ግን ለመማር ብዬ አልነበረም። ለአንዲት እናት መልስ ለመስጠት ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዛሬ ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከደሴ የመጣ መካኒክ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ቁርሱን እየጎረሰ ይወጣል። ከጎናችን አንድ መሪጌታ ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። በሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ያገለግላሉ፣ ቅኔም ያስተምራሉ። ሚስታቸውን እትዬ ነበር የምላቸው። የሁለታችንን ግቢ የሚለየው የወፍ ቆሎ አጥር ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣ፣ ወሬና ወንፊት የምንቀባበልበት ቀዳዳ ነበረው። እናቴ ስትቆጣኝ የምሾልከውም በዚያው ነበር። በእትዬ ቤት እኔን የሚቆጣ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጅ አልወለዱም።

ትልቁ ልጃቸው ብስክሌት ያስተማረኝ ልጅ ነው። በባሕር ዳር ብስክሌት የማይነዳ ሰው እግሩን የተሰበረ ይመስል ነበር፤ እኔ ግን ፈሪ ነበርኩ። ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ይከተለኛል። ከሐይቁ በኩል የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይመጣል፣ የዘንባባው ጥላ መንገዱ ላይ ይወዛወዛል። «ይዘኸኛል?» እያልኩ እጮሃለሁ። አንድ ቀን ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት፤ «ከለቀቅሁሽ ስንት ጊዜዬ!» አለኝ። ደንግጬ ብወድቅም፣ ያን ቀን ነው የወደድኩት። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ብናገር ምን አፍራለሁ። ያኔ ግን ለሱም አልነገርኩት፣ ለማንም።

በቀጣዩ ጥር ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ጠራው። እትዬ ስንቁን ሲቋጥሩለት፣ መሪጌታ ግንባሩን በመስቀል ሲያሳልሙት፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ብስክሌቱን ራሱ ወልውሎ ቤት አስገባውና ከግድግዳው አስደገፈው። መጀመሪያ አካባቢ ከሾፌሮች ጋር ቃል ይመጣ ነበር፤ ደህና ነው፣ ጠቁሯል፣ ሰላም በሉ ብሏል። ክረምቱ ሲገባ ቃሉም ተቋረጠ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም የወፍ ቆሎው ከላይ እስከ ታች አበበ። ያኔ ነው ቡናማዎቹ የበዙት። አንድ ረፋድ እትዬ ቤት ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ አንዲት የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ለስብሰባ ልትጠራቸው መጣች። እሷ በር ላይ ቆማ ስታወራ አንዷ ቡናማ ከጭንቅላቷ በላይ ገብታ አንድ ሁለቴ ዞረችና ከብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ዐረፈች። ሴትዮዋም ሳታስበው «ውይ፣ የእሳት እራት! የት አግኝታ ተቀመጠች ደግሞ» አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የዚያን ዘመን ላልኖረበት ሰው ይህ ምንም አይደለም። የእሳት እራት መብራት አይታ የምትመጣ፣ ዞራ ዞራ እሳቱ ውስጥ የምትወድቅ ነፍሳት ናት። በዚያ ዘመን ግን ስሙ የሷ ብቻ አልነበረም። ወደ ሰሜን ስለሄዱት ልጆች ሲወራ ሰው በሩን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእሳት እራት ሆኑ» ይል ነበር። እትዬ ምስሩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ቀን ሲመሽ ኩራዙን አልለኮሱም። በማግሥቱም እንዲሁ። መብራት እኛ ቤት ገብቶ ነበር፣ እነሱ ቤት ግን ገና ስለነበር ያለ ኩራዝ ቤቱ ድቅድቅ ይላል። መሪጌታ ዳዊታቸውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ለጸሎቱ አልተቸገሩም። ወጡን ግን በቃላቸው አያውቁትም፤ አንድ ምሽት ዳጣውን ሽሮ መስሏቸው ጎርሰው ሲያስሉ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። እናቴ ሳቀች። ቀጥላ ግን «ሴትዮዋ ልታብድ ነው» አለች።

እኔ ነገር ማሳደር አልችልም። በቀዳዳው ሾልኬ ሄድኩና «እትዬ፣ ለምን አያበሩም?» አልኳቸው። እንጨት ይከምሩ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«ሰው ለልጁ እሳት ይለኩሳል?»

«ያቺ እኮ ነፍሳት ናት።»

«መጥታ ከዕቃው ላይ ተቀመጠች። አይተሻል። ስሟን ደግሞ ሰምተሻል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ልጄ።»

«የሷን ስም ያወጣው መልአክ አይደለም፣ የሴቶች ማኅበር ናት» አልኳቸው።

ሊስቁ ብለው ተዉት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። «እንግዲያ አንች ተምረሻል፣ ንገሪኛ። ምንድን ናት?» አሉኝ። ከዚያን ቀን በፊት ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም፤ ወፍራም ሰውነት አላት፣ ቡናማ ናት፣ ጠጉራም ናት። እንዲያውም ቁርጥ የእሳት እራት ነው የምትመስለው።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከሐረር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አንዷን ይዤ ወሰድኩለት። ወደ መስኮቱ ይዟት ሄዶ በአጉሊ መነጽሩ ሲያያት ቆየ፣ ያለውንም መጽሐፍ ገለጠ። «መጽሐፉ የሰው አገር ነው፣ የኛዋን አያውቃትም። እኔም ስሟን አላውቅም» አለኝ። አስተማሪ አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቅር አለኝ። እሱ ግን ቅሬታዬን ከቁም ነገር ሳይቆጥር አንቴናዋን አሳየኝ። የእሳት እራት አንቴና እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው፣ የቢራቢሮ ግን ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ወፈር ይላል አለኝ። የዚህችኛዋ ጫፉ ወፈር ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ መንጠቆ ጎበጥ ይላል። «ቢራቢሮ ትመስለኛለች። ግን በአንድ ምልክት አይፈረድም። ሂጂና ልማዷን እዪ፤ በቀን ነው የምትበረው በማታ? ስታርፍ ክንፏን ምን ታደርጋለች? እንቁላሏን የት ትጥላለች? በመጨረሻም ከመብራት ፊት አስቀምጫት።» ስወጣ ጠራኝና አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። «ያልወደድሽውንም መልስ ልታገኚ ትችያለሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች በሕይወቴ ውስጥ በጣም ጸጥ ያሉ ቀኖች ናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ አጥሩ ሥር በርጩማ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። ንቦቹ ይጮኻሉ፣ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል፣ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ፊቴ ላይ ይወድቃል። ቡናማዋ ፀሐይ ሳይሞቅ አትነሣም። እንደ ሌላ ቢራቢሮ እየተንሳፈፈች አትሄድም፤ ትዘላለች። ዓይን ሳይከተላት ከዚህ ጠፍታ እዚያ ትገኛለች። የምታርፍበት ቅጠል አላት፣ ደጋግማ እሱኑ ትመርጣለች፤ ሌላ ነገር በዚያ ካለፈ፣ ንብም ቢሆን፣ ተነሥታ ታባርረዋለች። ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል ያሰኛል፤ ፈትታ የወፍ ቆሎው አበባ ጉሮሮ ውስጥ ታስገባውና ስትጨርስ መልሳ ትጠቀልለዋለች። በላይኛው ክንፏ ላይ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች አሏት፤ ብርሃን ያሳልፋሉ።

ያስቸገረኝ አቀማመጧ ነበር። ቢራቢሮ ክንፉን ከጀርባው አቁሞ ይገጥማል፣ የእሳት እራት አንጥፎ ይተኛበታል። ይህች ግን የፊተኞቹን ግማሽ ታቆማለች፣ የኋለኞቹን ታነጥፋለች። ይህን ስነግራቸው መሪጌታ ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «እሷም እንደ ዘመኑ ሰው ወላዋይ ናት በይኛ። አቋም የላትም» አሉ። ወላዋይ ማለት ያኔ በስብሰባ ሰው የሚወገዝበት ቃል ነው። እትዬ ከውስጥ ሆነው «ኧረ ቀስ ይበሉ» አሏቸው።

እትዬ መጀመሪያ አልጠጉም ነበር። ልብስ ሲያሰጡ በጎን ያዩኛል፣ ስዞር ይዞራሉ። አንድ ቀን እንቁላሏን ስትጥል አየኋት፤ ሆዷን ጎበጥ አድርጋ ከአጥሩ ሥር ካለው ሣር ቅጠል ላይ አንዲት እንቁላል ብቻ ጥላ ሄደች። ከቀናት በኋላ አረንጓዴ ትል ወጣች። ሰውነቷ ቀጭን፣ ጭንቅላቷ ትልቅ የሆነች ትል ናት። የሣሩን ሁለት ጠርዝ በምራቋ ክር ሰፍታ ቧንቧ ትሠራለች፣ ቀን ቀን እዚያ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሲርባት ብቅ ብላ የቤቷን ጫፍ ትበላለች። ይህን መሪጌታን ጠርቼ አሳየኋቸው። አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩና «የቆሎ ተማሪ ናታ! ጎጆዋን ቀልሳ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ስታጠና አየሽ» አሉ። ሳቃቸውን ሰምተው እትዬ መጡ። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ማን መስፋት አስተማራት?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሣሩን አይተው «ዛሬም አለች» ይሉኛል። በግ እንዳይበላው ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት።

ኩራዙ ግን አልተለኮሰም። የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔ ራሴ እፈራው ጀመር። አንቴናዋ የቢራቢሮ ነው፣ በቀን ትበራለች፣ ልጇ ሣር ሰፊ ናት፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ከእሳቱ ብትገባስ? እትዬ አንቴና ምናቸው ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከእሳቱ አለመግባቷን፤ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። ከሳቸው ፊት እሳት ውስጥ ብትወድቅ ልጁን በገዛ እጄ የገደልኩት ያህል ይሰማኝ ነበር። ለሳቸው ብቻ ብዬ አልነበረም። እኔም ማታ ማታ ስተኛ ያ ስም ይመጣብኝ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ከሐይቁ ወዲያ ስትጠልቅ አንዷን ከሣር ዘለላ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ስትተኛ ክንፏን ትገጥማለች። ሣሩን በምላጭ ከሥሩ ቆረጥኩና እስትንፋሴን ይዤ፣ እንደ ቁርባን ተሸካሚ እየተራመድኩ ወደ ቤታቸው አስገባኋት። ዘለላውን በጠርሙስ አቁሜ ከገበታው ላይ አስቀመጥኩ። መሪጌታ ክብሪት አመጡ። እትዬ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«እኔ አልለኩስም። አንች ለኩሽው።»

ለኮስኩት። የላምባው ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ግድግዳው ቢጫ ሆነ፣ የብስክሌቱ ጎማ ጥላ ጣሪያው ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከበሩ ነጫጮቹ ገቡ፤ እውነተኞቹ። ዞሩ ዞሩና አንዷ ነበልባሉ ውስጥ ገብታ ጢስ ሆነች። እትዬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«እሷስ?» አሉ ከእጃቸው ሥር።

«እዚያው ናት።»

«አትዋሽኝ።»

«ይዩዋት እትዬ።»

አላዩም። መሪጌታ በዝግታ «ተኝታለች» አሏቸው። እሳቸው ሲናገሩ ነው እትዬ ጣታቸውን የከፈቱት። ቡናማዋ ከኩራዙ ስንዝር በማትሞላ ቦታ፣ ሣሯን እንደያዘች፣ አንቴናዋን እንኳ ሳታነቃንቅ ተኝታ ነበር። ሌላዋ መጥታ ስትቃጠል አልዞረችም። እትዬ አዩ፣ አዩ፤ ከገበታው ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ላምባው እስኪያንስ ድረስ ዓይናቸውን ከሷ ላይ አላነሡም።

«አልሄደች» አሉ በመጨረሻ።

«አልሄደችም።»

«እሳቱን አላየችው ይሆን?»

«አይታዋለች። አትፈልገውም» አልኩ። ይህን ሳይንስ አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው።

ተነሡና ኩራዙ ላይ ላምባ ጨመሩበት። ከዚያ እራት አቀረቡ፤ መሪጌታ ያን ማታ የሚጎርሱትን እያዩ ጎረሱ። በማግሥቱ ሲመሽ በአጥሩ ቀዳዳ ብርሃኑን አየሁት። ከዚያ በኋላም ኩራዙ አንድም ምሽት ሳይበራ አልቀረም። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጁ በሕይወት እንዳለ ራሴ ያረጋገጥኩ ይመስለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ ሌሎች ሰዎች በቋንቋቸው እነዚህን «ዘላዮች» እንደሚሏቸው አነበብኩ። በኛ አገር እስካሁን የራሳቸው ስም የላቸውም። እትዬ «የኔዋ» ነበር የሚሏት።

መንግሥት በተለወጠ ዓመት ወታደሮቹ ከሰሜን፣ በማክሰኝት በሐሙሲት አድርገው በእግራቸው ይመለሱ ጀመር። ቀለማቸው ከአፈሩ አይለይም። በየደብሩ ጥላ ሥር ያርፉ ነበር። ከነሱ አንዱ የመሪጌታን ደብር ጠይቆ መጣ። ከልጃቸው ጋር የዘመተ ነው። ልጁ ያረፈው በሄደበት ዓመት ክረምት፣ ቃሉ የተቋረጠ ሰሞን ነበር። እኔ አጥሩ ሥር በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ፣ ያን ኩራዝ ስለኩስ፣ እሱ ካረፈ ቆይቷል።

መርዶው ሊነጋጋ ሲል ተነገረ። ግቢያቸው ዳስ ተጣለ። እኔ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በውኃ ማሰሮዎቹ በኩል፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። የእትዬን ፊት ማየት ፈርቼ ነበር፤ ዓመታት ያበራሁላቸው ተስፋ የትም እንዳልነበረ አሁን አወቁ። ከገጠር የመጣች አንዲት አልቃሽ መሃል ገባች። ድምፅዋ ያማረ ነበር፣ ደረቷን እየመታች፣

«እሳት ሲነድ አይቶ ከተራራው ማዶ፣
የእሳት እራት ሆነ እንዳይመለስ ሄዶ»

ብላ ስትጀምር ሰዉ ሁሉ ተንሰቀሰቀ።

እትዬ እጃቸውን አነሡ። ለቅሶው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ተይ እሱን» አሉ፣ ሳይጮኹ። «የእሳት እራት ወዳ ነው እምትገባ፤ እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ። የኔ ልጅ ወዶ አልገባም። ወስደውት ነው።»

ያንን በዚያ ግቢ ከዚያ ቀን በፊት ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። አልቃሿም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናትና ስንኙን ጥላ «ወስደውት ነው፣ ወስደውት ነው» እያለች ከዚያው ቀጠለች።

እትዬ ግን አላለቀሱም፤ ዓይናቸው በሰዉ መሃል ሰው ይፈልግ ነበር። አገኙኝ። «አንች እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ወዲህ ነይ» አሉኝ። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፈኝ። እኅታቸውን ጠጋ አድርገው በሳቸውና በሷ መካከል ቦታ ሰጡኝ፤ የጎረቤት ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥተው፣ እንደ ራሳቸው አዘቅዝቀው መልሰው አለበሱኝ። እሱን እንደምወድ እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«በይ አልቅሽ እንግዲህ» አሉኝ።